ጥቅሉ ውስጥ የሌለ ዌብሳይት ተማሪ ጋ እንዴት ይድረስ?

የማታ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሲያብሰለስለኝ የከረመ ጥያቄ አለኝ። ነገሩን ከውስጥ የምታውቁት እዚህ ስላላችሁ ላንሳው።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች የሚያነቡበት ትንሽ ዌብሳይት ሠርቻለሁ። አብዛኛው ጽሑፍና ሥዕል ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚሆን የድምፅ ማብራሪያ አለው። ማስታወቂያ የለበትም። ተመዝገቡ አይልም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎም አይከታተልም።

ልጆቹ ግን አይገቡም። ምክንያታቸው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ እኛ የምንገዛው የሶሻል ሚዲያ ጥቅል ነው። የእርስዎ ሲከፈት ከዋናው ሂሳብ ይቆርጣል።»

አንዷ ተማሪ ስልኳን ይዛ መጥታ አሳየችኝ። በጥቅሉ የሚሠራው አፕ ተከፍቷል። ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ይከተላል። ማንም ሳይነካው ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ቪዲዮዎች ከእኔ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የበለጠ ሜጋባይት ይበላሉ፤ ጥቅሉ ውስጥ ስለሆኑ ግን ለማንም አይታወቀውም። ከዚያ እኔ እዚያው የለጠፍኩትን ሊንክ ነካች። ገጹ የተከፈተው ከአፑ ሳይወጣ ነው። ሥዕሎቹ ግማሽ እንደመጡ ሂሳቧ ማለቁን የሚነግር መልእክት ከች አለ። እሷ ገና ጥቅሉ ውስጥ ያለች መስሏታል። ወጥተሻል የሚላት አንድ ምልክት እንኳ አልነበረም።

ሰው ሁሉ «ታዲያ እዚያው ለጥፊው» ይለኛል። እለጥፋለሁ። ግን ትምህርት ቅደም ተከተል አለው። እዚያ ምዕራፍ አምስት ከምዕራፍ አንድ ቀድሞ ይመጣል፤ ምዕራፍ ሁለት ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ሥዕሉንም አፑ ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው። ከፍ ብላ የተጻፈችው ትንሿ 2 ትደበዝዝና ኤክስ ስኩዌር የነበረው ባዶ ኤክስ ሆኖ ይነበባል። ልጁ ያንን ይዞ ፈተና ይገባል!

እና ጥያቄዬ፦ ኔትወርክ አቅራቢው የትኛው ከጥቅሉ፣ የትኛው ከዋናው እንደሚቆረጥ በምን ያውቃል? ሌላው ዓለም ይህን ትክክል ነው ብሎ ተቀብሎታል? እኔስ ልጆቹ ጋ ለመድረስ ምን ላድርግ? ዳንሱ ርካሽ፣ ሒሳቡ ውድ ሲሆንባቸው እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ገመድና ራውተር፦

መምህርት፣ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው። ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር።

ዛሬ አብዛኛው ዌብሳይት በኤችቲቲፒኤስ ይሠራል፤ የሚላከውን በምስጢር የሚሸፍን የግንኙነት መንገድ ነው። ስለዚህ አቅራቢው ልጆቹ ምን እንዳነበቡ፣ ምን እንደጻፉ አያይም። የሚያየው ወዴት እንደሚሄዱ ነው። ስልኩ ከሰርቨሩ ጋር ገና ግንኙነት ሲጀምር የሚፈልገውን ዌብሳይት ስም አብዛኛውን ጊዜ ሳይሸፍን ይልካል። ኤስኤንአይ ይባላል። የመቁጠሪያው መሣሪያ ያንን ስም ያነባል። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ከጥቅሉ ይቆርጣል፤ ከሌለ ከዋናው። ገጹ በማን አፕ መስኮት ውስጥ እንደተከፈተ ለመሣሪያው ግድ አይሰጠውም፤ ስሙ የእርስዎ ዌብሳይት ነው፣ አለቀ። ተማሪዋ የተቆረጠባት በዚህ ነው። በሌላ ዌብሳይት ላይ የተቀመጠ ቪዲዮ ወይም ሥዕል ሲመጣም እንዲሁ ነው።

ስለ ፍትሐዊነቱ ግን ብዙ የሚባል አለ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

የኔት ገለልተኝነት የሚለውን ስያሜ በ2003 ያስተዋወቀው ቲም ዉ የተባለ የሕግ ምሁር ነው። ሐሳቡ መስመሩን የያዘ አካል በመስመሩ የሚያልፈውን አይምረጥ ነው። አይዝጋ። አያዘግይ። ለከፈለው ቅድሚያ አይስጥ።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ በ2007 ታየ። አሜሪካ ውስጥ ኮምካስት የተባለ ኢንተርኔት አቅራቢ፣ ቢትቶረንት በሚባል የፋይል መለዋወጫ የሚጠቀሙ ደንበኞቹን ግንኙነት በስውር ሲያቋርጥ ተገኘ። አደራረጉን ልብ ይበሉ። ሁለት ኮምፒውተሮች ፋይል ሲለዋወጡ መሐላቸው ይገባና ለአንደኛው በሌላኛው ስም «ጨርሻለሁ፣ ዝጋው» የሚል የሐሰት መልእክት ይልካል። ተጠቃሚው ዛሬ ኔትወርኩ ምን ሆነ ብሎ ያልፈዋል። የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ነገሩን ሲፈትሹ የላኩት ፋይል መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። እሱም ተደናቀፈ። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ በ2008 አቁም አለ፤ ፍርድ ቤት በ2010 ሥልጣን የለህም ብሎ ውሳኔውን ሻረ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ወጣ ገባ ስትል ነው የኖረችው፤ በ2015 ጠንካራ ደንብ ወጣ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው።

የእርስዎ ጉዳይ ግን መዝጋት አይደለም። ዋጋ ነው። አንዱን አፕ ሙሉ ለሙሉ ነፃ ሲያደርጉት ዜሮ ሬቲንግ ይሉታል፤ የአፕ ጥቅልም የዚያው ዘመድ ነው። ለእኔ ይህኛው ይበልጥ አሳሳቢ ነው። መዝጋት ይታያል፤ ሰው ይጮኻል። ዋጋ ድምፅ የለውም። ዌብሳይትዎን ማንም አልዘጋብዎትም፤ ልጁ ራሱ ነው የማይገባው።

ሌላው ዓለም ተቀብሎታል ወይ? አንድ ዓይነት መልስ የለም። ቺሊ በ2010 ገለልተኝነትን በሕግ ያጸደቀች የመጀመሪያዋ አገር ናት። ፌስቡክ በ2013 ኢንተርኔት ዶት ኦርግ ብሎ የጀመረውን በ2015 ፍሪ ቤሲክስ አለው፤ የተመረጡ ዌብሳይቶችን ያለ ዳታ ክፍያ የሚያስከፍት ነበር። ሕንድ ውስጥ ስለ ኔት ገለልተኝነት በተነሳው ክርክር ሕዝቡ ለተቆጣጣሪው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢሜይል ላከ። መሥሪያ ቤቱም ፌብሩዋሪ 8፣ 2016 ፍሪ ቤሲክስን ጨምሮ ይዘት እየለዩ የተለያየ የዳታ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2021 እንዲህ ያሉ ጥቅሎች ከኅብረቱ ደንብ ጋር እንደማይሄዱ ወሰነ። ካሊፎርኒያም የራሷ ሕግ አላት። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ተማሪዎችዎ የያዙት ዓይነት ጥቅል በግልጽ ይሸጣል።

በነፃው ያደግኩ፦

ገመድና ራውተር የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩ። ግን አልስማማም። ያንን ጥቅል ብቻ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሙሉ ዳታ የመግዛት አቅም ባልነበረኝ ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር ያወራሁት በእሱ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ያየሁት፣ ሲቪዬን የላክሁት፣ ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት በእሱ ነው። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ፍትሐዊ አይደለምና ይከልከልልህ» ቢለኝ በምትኩ ምን ልትሰጠኝ ነው እለው ነበር። ስለ ገለልተኝነት በብዛት የሚከራከሩት ሁለቱንም መግዛት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ይሄ ይከነክነኛል።

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2024 ባወጣው ግምት 2.6 ቢሊዮን ሰው ኢንተርኔት አይጠቀምም። የተባበሩት መንግሥታት ብሮድባንድ ኮሚሽንም የመነሻ ጥቅል ዋጋ ከአማካይ የወር ገቢ 2 በመቶ እንዳይበልጥ ግብ ያስቀመጠው ያለ ነገር አይደለም፤ ከአቅም በላይ ስለሆነ ነው። ዊኪፔዲያም ዕውቀትን ያለ ዳታ ክፍያ ለማድረስ በ2012 ዊኪፔዲያ ዜሮን ጀምሮ ነበር። ዕውቀት በነፃ መድረሱ ምን ክፋት አለው?

ቲቸር፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዌብሳይቴን የትምህርት ጥቅል ውስጥ አስገቡልኝ ብዬ ለአቅራቢው አመለክታለሁ። ማስታወቂያ የለው፣ የሚሸጥ የለው። ለምን እምቢ ይላሉ?

ገመድና ራውተር፦

ወንድሜ፣ ያልከውን አልንቀውም። ከእኔ ይልቅ አንተ ኖረህበታል። ግን ዊኪፔዲያ ዜሮን ራስህ ስላነሳኸው እሱን ልከተለው።

ከ70 በላይ አገሮች ደርሶ ነበር። ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን ግን በ2018 ዘጋው። ከዚያ በፊት አንጎላ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ብዙ ወጣቶች ያለ ክፍያ የሚከፈትላቸው ዊኪፔዲያና ፌስቡክ ነበር። ምን አደረጉ? ፊልምና ሙዚቃ በፎቶና በፒዲኤፍ ፋይል ውስጥ ደብቀው የዊኪፔዲያ ሥዕሎች የሚቀመጡበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ይጭናሉ፤ ሊንኩን በዝግ የፌስቡክ ቡድን ይለዋወጣሉ። የቅጂ መብቱ ጥሰት ጥሰት ነው። ግን ሰዎቹ የፈለጉት ሙሉ ኢንተርኔት ነበር። ሁለት መስኮት ብቻ ያለው ቤት ስለተሰጣቸው ግድግዳውን ሸነቆሩት።

የሕንድም ታሪክ ክልከላው ላይ አላበቃም። በዚያው 2016 ሴፕቴምበር ላይ ጂዮ የሚባል አዲስ አቅራቢ ገበያ ገባ። ለማንኛውም ዌብሳይት የሚሠራ ዳታ ለወራት በነፃ ሰጠ። ሌሎቹም ዋጋ ለመጣል ተገደዱ። ዛሬ ሕንድ ዳታ በጣም ርካሽ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ «በምትኩ ምን ልትሰጠኝ ነው» ለሚለው ጥያቄህ መልስ አለ፦ የትም የሚያስገባ ርካሽ ዳታ።

መሐል መንገድም አለ። አፕ የማይለይ ነፃ ወይም ርካሽ ዳታ። የሌሊት ጥቅል አንዱ ነው። በቀን ጥቂት ሜጋባይት ለፈለግከው ዌብሳይት መስጠትም ይቻላል። የአውሮፓ የቴሌኮም ተቆጣጣሪዎች የጋራ አካል የሆነው ቤሬክ በ2022 ባሻሻለው መመሪያ አፕ እየለየ የሚሰጠውን አልቀበልም ሲል እንዲህ ያለውን ግን በጥቅሉ ተቀብሎታል። አንተም አትጎዳም፣ የመምህርቷም ዌብሳይት አይጎዳም።

ታዛቢ፦

አጭር ጥያቄ። ከባዱን ቪዲዮ የሚልኩት እነዚያ ግዙፍ ድርጅቶች አይደሉም? ለምን ለመስመሩ አይከፍሉም? ያኔ ለተማሪው ሊረክስ ይችል ነበር።

ገመድና ራውተር፦

ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። ከ2016 ጀምሮ አቅራቢዎቿ እርስ በርስ «የላከ ይክፈል» በሚል ደንብ ይተሳሰባሉ። ወጪው ዞሮ ዞሮ ይዘት አቅራቢዎቹ ጋ ደረሰ። ትዊች የተባለው የቀጥታ ቪዲዮ ማሰራጫ በ2022 እዚያ አገር የቪዲዮውን ጥራት ወደ 720ፒ አወረደ። ፌብሩዋሪ 27፣ 2024 ደግሞ ጭራሽ ጥሎ ወጣ። የኔትወርክ ክፍያው ከብዙዎቹ አገሮች አሥር እጥፍ ይሆንብኛል ነው ያለው። የተጎዱት ተመልካቹና እዚያ እንጀራውን ያገኝ የነበረው አሰራጭ ናቸው።

ደግሞ ቪዲዮውን የጠራው ተመልካቹ ነው፤ ለዚያም ዳታ ገዝቷል። አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ መሸጥ ይሆናል። መዋጮ ካስፈለገ ሌላ መንገድ አለ። ለምሳሌ ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን የያዙ ሰርቨሮች ለአቅራቢዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ እዚያው ቅርባቸው ስለሚቀመጡ ረጅሙ መስመር ይቀልላል።

ፊደል ቆጣሪ፦

ከዋናው ጉዳይ ትንሽ ልውጣ፤ ግን አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ይሄም የፍትሐዊነት ጥያቄ ነው።

መምህርት፣ ለተማሪዎችዎ የጽሑፍ መልእክት ይልካሉ? አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። በላቲን ፊደል ከተጻፈ እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን ሙሉው መልእክት በፊደል 16 ቢት ወደሚወስደው አጻጻፍ ይቀየራል፤ የሚገባውም 70 ብቻ ይሆናል። ከ70 ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፣ እንደ ሁለት መልእክትም ይቆጠራል። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ የሚልከው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። እርግጥ የእኛ አንዲት ፊደል ተነባቢና አናባቢ አጣምራ ስለምትይዝ ጥቂት ፊደል ይበቃናል። ያም ሆኖ ኪሳራው አይካካስም።

ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚወክሉበት የጋራ ደንብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በወጣው ዕትም 3.0 ነው። ዌብሳይት ላይ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው፤ በላቲን አምስት ይበቃው ነበር። ይሄኛው አያስጨንቅዎ። አሥር ሺህ ፊደል ያለው ረጅም ገጽ ቢጽፉ 30 ኪሎባይት ነው፤ ሲጨመቅ ደግሞ ያንሳል። ከአንድ ፎቶ ጋር አይወዳደርም።

አሁን አሁን የሚያናድደኝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶች ነገር ነው። የሚያስከፍሉት በቶክን ነው፤ ጽሑፉን በሚቆራርጡበት ቁራጭ ማለት ነው። መቆራረጫው የተዘጋጀው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ይሆናል፤ የእኛ ቃል ይበታተናል። ያው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሲጠየቅ ወጪው ይበዛል፣ መልሱም ይዘገያል። ማንም አማርኛን እንጉዳ ብሎ አልተነሳም። ኢንተርኔት ላይ ጽሑፋችን ጥቂት ስለሆነ ሲሠሩት አላሰቡንም። ለዚህም ነው እንደ መምህርት ያሉ ሰዎች በራሳቸው ዌብሳይት ላይ በግዕዝ ፊደል የሚጽፉት ጽሑፍ የሚያስፈልገን። ዝግ አፕ ውስጥ በሥዕል የተለጠፈ ትምህርት በፍለጋ አይገኝም።

ቀላል ገጽ፦

እህቴ፣ ሕጉን ለነሱ ልተወውና ነገ ማድረግ ስለምትችይው ልንገርሽ። ዌብሳይት ነው የምሠራው፤ ገጽ ማቅለል የምወደው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ። ማብራሪያሽ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በኤምፒስሪ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ከሆነ ሃያ ደቂቃው 19 ሜጋባይት ይሆናል። ያ ለሙዚቃ ነው። ለንግግር ኦፐስ የሚባለውን የድምፅ ፋይል ዓይነት ተጠቀሚ። ከ2012 ጀምሮ ክፍት ስታንዳርድ ነው፤ ማንም በነፃ ይጠቀምበታል። በ24 ኪሎቢት፣ በአንድ ቻናል ብትቀጂው ያው ሃያ ደቂቃ 3.6 ሜጋባይት ይሆናል። ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል። አነስተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ እንኳ በሴኮንድ አንድ ሜጋቢት ቢሆን በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት ይበላል። ሙሉ የድምፅ ትምህርትሽ ከግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ እንኳ በጥቂቱ ያንሳል ማለት ነው።

ማጫወቻው ላይ ፕሪሎድ (preload) የሚለውን «none» አድርጊው። አለበለዚያ ልጁ ጽሑፉን ብቻ ሊያነብ ገብቶ ድምፁ ሳይጠየቅ መውረድ ሊጀምር ይችላል። ሥዕሎቹንም ልጁ እዚያ ጋ ሲደርስ ብቻ እንዲመጡ አድርጊ።

ቀመሩን በሥዕል አታስቀምጪ። ትንሿ 2 የምትጠፋው ለዚህ ነው። ማትኤምኤል የሚባል የሒሳብ አጻጻፍ አለ፤ ክሮም ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ያነበዋል፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ከዚያ በፊትም ያነቡት ነበር። ቀመሩ ጽሑፍ ስለሚሆን ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ልጁ አጉልቶ ሲያየውም አይደበዝዝም። ግራፎቹን ኤስቪጂ በሚባለው፣ ሲጎላ በማይደበዝዝ የሥዕል ዓይነት ሥሪያቸው። የግዕዝ ፎንት ከሌላ ቦታ አታስወርጂ፤ የዛሬ ስልኮች ፊደላችን አብሯቸው ይመጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ስሚኝ። እያንዳንዱን ምዕራፍ አንድ ራሱን የቻለ ፋይል አድርጊው። ጽሑፉም፣ ቀመሩም፣ ግራፉም እዚያው ውስጥ ይሁን። አንዱ ልጅ ዋይፋይ ባለበት ያወርደዋል። ከዚያ በብሉቱዝ ወይም ስልክ ለስልክ በሚያስተላልፍ አፕ ለጓደኞቹ ይሰጣል። ያኔ የሚቆጥረው አቅራቢም የለም፣ ጥቅልም የለም። ድምፁም እንዲሁ በፋይል ይዞራል።

ከእያንዳንዱ ሊንክ ጎን ክብደቱን ጻፊ፦ «ምዕራፍ 3፣ ንባቡ 90 ኪሎባይት፣ ድምፁ 3.6 ሜጋባይት»። ከስሩ ደግሞ «ይህ ከዋናው ዳታ ይቆርጣል» በይ። ልጆቹ ዌብሳይትሽን የፈሩት ስንት እንደሚያስወጣቸው ስለማያውቁ ይመስለኛል። 90 ኪሎባይት ምንም ማለት አይደለም። ግን ካልነገርሻቸው በምን ያውቃሉ?

የማታ መምህርት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ዘርዝራችሁ ትመልሱልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

ቀላል ገጽ፣ ክብደቱን የመጻፉ ነገር ገባኝ። ልጆች ሰዓታቸውንም ገንዘባቸውንም ቆጥረው ነው የሚጠቀሙት፤ የማያውቁትን በር አይነኩም። ስልክ ለስልኩን ደግሞ እነሱ ከእኔ በላይ ያውቁበታል። ፊልም የሚለዋወጡት እንደዚያ ነው።

አንድ የምጨምረው አለ። ማስታወቂያ የሞላበት ገጽ ሲከፈት የማስታወቂያውን ዳታ የሚከፍለው አንባቢው ነው። በራሱ የሚጀምረው ቪዲዮ፣ ምን እንደነካ እያየ የሚመዘግበው ኮድ፣ ሁሉም የሚወርደው በልጁ ሂሳብ ነው። ስለ ዳታ ዋጋ ስናወራ የቴሌኮም ድርጅቱን ብቻ ነው የምንጠይቀው። ገጹን ያከበደውስ? አንድ ዜና ለማንበብ የሚወርደው ነገር ከዜናው ብዙ እጥፍ ሲሆን ያ ልዩነት የሚወጣው ከአንባቢው ኪስ ነው። የኔን ዌብሳይት ያለ ማስታወቂያ የያዝኩት ለዚህ ነው፤ እንደዚያው ይቆያል።

አሁን ወደ ማመልከቻው። በነፃው ያደግኩ፣ ምክርህን በደንብ አሰብኩበት። የደረስክበት ቦታ በዚያ ጥቅል በኩል መሆኑንም አከብራለሁ። ግን የትምህርት ጥቅል ውስጥ አስገቡኝ ብዬ አላመለክትም። ምክንያቴን ልንገርህ። እኔ ብገባ፣ ሌላ ቦታ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ስሙን ማንም የማያውቀው አንድ ሰው ይቀራል። ልጆቹም ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ትምህርት፣ የሌለው ትርፍ ነው ብለው ያድጋሉ። ዛሬ ያስገባኝ ሰው ነገ ሊያስወጣኝ ይችላል። ስለ ማን ምን እንደጻፍኩም ማየት ሊጀምር ነው። የእኔ ሥራ ሒሳብ ማስተማር ነው እንጂ የማንንም ፊት እያየሁ መጻፍ አይደለም።

የምጠይቀው ገመድና ራውተር ያሉትን ነው። ለተማሪ የሚሆን፣ አፕ የማይለይ የሌሊት ዳታ። ልጁ ቪዲዮ ይይበት፣ የፊዚክሱን ሰው ያንብብበት፣ እኔ ጋ ይምጣ፣ ምርጫው የእሱ ይሁን። ይህን ለአቅራቢውም ለተቆጣጣሪውም በደብዳቤ ልጽፍ ነው። ሌሎች መምህራንም አብረውኝ እንዲፈርሙ እጠይቃለሁ።

ገመድና ራውተር፣ ረቂቁን ላሳይዎትና የቴክኒክ ቃሉን ያዩልኛል?

ገመድና ራውተር፦

በደስታ። አንድ ነገር ያክሉበት። ከጥቅሉ ሲወጡ ስልኩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይምጣ ይበሉ፦ «ይህ ገጽ ከዋናው ሂሳብ ይቆርጣል፣ ይቀጥሉ?» የሚል። ተማሪዋ ላይ የደረሰው እንዳይደገም ትልቁን ሕግ መጠበቅ የለበትም። መሣሪያው ስሙን ለይቶ መቁጠር ከቻለ ማስጠንቀቂያ መላክም ይችላል።

ቀላል ገጽ፦

እህቴ፣ አንድ ምዕራፍ ላኪልኝ። ቀመሩን ወደ ማትኤምኤል ቀይሬ፣ ድምፁን አቅልዬ እመልስልሻለሁ። የቀሩትን በዚያው መንገድ ራስሽ ትቀጥያለሽ። ግራፍ የበዛበትን ምረጪ፤ እሱ ነው የሚከብደው።

በነፃው ያደግኩ፦

ቲቸር፣ ስለ ማመልከቻው ያሉት አሳምኖኛል ለማለት ገና ነኝ። የፊዚክሱን ሰው ነገር ግን አላሰብኩበትም ነበር።

ደብዳቤው ላይ «የአፕ ጥቅሉ ይቁም» የሚል ካለ አልፈርምም። ያለ እሱ ከቤተሰቡ ጋር የማይገናኝ ሰው አውቃለሁ። «የትም የሚያስገባ የሌሊት ዳታ ይጨመር፣ ከጥቅሉ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ይምጣ» ከሆነ ግን ስሜን አስገቡ። የምሠራበት ቦታም የሚፈርሙ ሰዎች አሉ፤ ረቂቁ ሲያልቅ እዚሁ ይለጥፉልን።